ጣሪያዋ የሚነሳ መኪና

መኪና ልትገዙ ሄዳችሁ ሻጩ «ጣሪያዋም ይነሳል» ካላችሁ፣ «ተመልሶስ ይገጠማል?» ብላችሁ ጠይቁት። እኔ ይህን ሳልጠይቅ ገዛሁ። ስለ ሞተሩ ጠየቅሁ፤ ስለ ጎማው ጠየቅሁ፤ ባትሪውን እንኳ እንደ በሽተኛ ግንባር ዳበስኩት። መቼም ሰው ታማሚ ሊጠይቅ ሲሄድ ስለ ልቡና ስለ ኩላሊቱ እንጂ ስለ ጥፍሩ አይጠይቅም። እኔን ፍዳዬን ያበላኝ ጥፍሩ ነው።

መኪናዋ አጭር፣ አራት ማዕዘን፣ የብረት ሳጥን የመሰለች አሮጌ ፎር ዊል ናት። የሰፈሩ ሰውም ከመጣች ጀምሮ «ሳጥኗ» ነው የሚላት። ከፊት ወንበሮቹ በላይ ያለው ጣሪያዋ ሁለት ክዳን ነው፤ አንዱ በሾፌሩ አናት ላይ፣ አንዱ ጋቢና በተቀመጠው ሰው አናት ላይ። ክዳኖቹን ከውስጥ በኩል ጨብጠው የሚይዙ መቀርቀሪያዎች አሉ። እነሱን ስትከፍቷቸው ክዳኑን እንደ ድስት ክዳን ብድግ አድርጋችሁ ታስቀምጡታላችሁ። ከዚያ በኋላ መኪና ውስጥ ሆናችሁ ደጅ ናችሁ።

ደጅ የሆነ መኪና ለድሬዳዋ ምን ይሠራላታል ትሉ ይሆናል። ቀን ምንም አይሠራም። ቀን ጣሪያውን ብታነሱት ፀሐይዋ ከነጫማዋ ገብታ ጭናችሁ ላይ ትቀመጣለች። አመሻሽ ላይ ግን፣ ነፋሱ ከተራራው መውረድ ሲጀምር፣ ድሬ ውስጥ ቤቱ የሚቀመጥ ወይ የታመመ ነው ወይ ያኮረፈ።

እኛ ቤት ሁለቱንም የሆነ ሰው ነበረ። አማቴ፣ አባ ዑመር።

አባ ዑመር ዕድሜያቸውን ሙሉ በድሬና በጅቡቲ መካከል የጭነት መኪና ሲነዱ የኖሩ ሰው ናቸው። ጉልበታቸው ከድቷቸው በከዘራ መሄድ ከጀመሩና እኛ ዘንድ ከገቡ ወዲህ ግን ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው ይተኛሉ። ባለቤቴ ሰሚራ ልጃቸው ናት። ትለምናቸዋለች፣ ትቆጣቸዋለች፣ ጓዳ ገብታ ታለቅሳለች። እሳቸው ግድግዳውን ያያሉ። ከእኔ ጋር ደግሞ ከሰላምታ ያለፈ ቃል የለንም። እኔ መጋረጃ ሰፊ ነኝ፤ ሱቄ ሳቢያን ነው። እሳቸው ሾፌር አማች፣ ቢጠፋ ቢጠፋ መካኒክ ይጠብቁ ነበር፤ ልጃቸው መጋረጃ ሰፊ አመጣችላቸው።

ሳጥኗን የገዛሁ ዕለት ለወጉ ያህል «አባ፣ ነፋስ እንቀበል?» አልኳቸው። ምን እንደታያቸው እንጃ፣ ተነሱ። ጣሪያውን አንስቼ፣ ደግፌ ጋቢና አስቀመጥኳቸው። ከዚራ የሚባለው ሰፈር ስንደርስ ቀና አሉ። የዛፎቹ ቅጠል በአናታችን ላይ ያልፋል። ቅጠሉን በዓይናቸው ሸኝተው «ማርሽ ቀይር እንጂ፣ ሞተሩን አታስለቅሰው» አሉኝ። ወላሂ፣ እኛ ቤት ከገቡ ጀምሮ ከአፋቸው የሰማሁት ረጅሙ ንግግር ነው። ለሰሚራ ስነግራት እንባዋ መጣ።

ከዚያ ወዲህ በየአመሻሹ ሆነ። እኔ እነዳለሁ፣ እሳቸው ይነቅፋሉ። «ይህ ባልሽ ሲነዳ የሚሰፋ ነው የሚመስለው፤ ቀስ ብሎ፣ ቀጥ ብሎ፣ ዳር ዳሩን!» ይሏታል ለሰሚራ። እኔን መንቀፍ ለጤናቸው ተስማማቸው መሰለኝ፣ እራት መብላት ጀመሩ። አንዳንድ ቀንማ ሁለተኛ ሳህን ሲጠይቁ እሰማና፣ ዛሬ ምን ያህል ክፉ ብነዳ ነው እላለሁ።

እንዲህ ሆነን ሳለ ከድሬ ወጣ ብላ ካለችው ከዋሂል ወሬ መጣ። ሙሜ ከሱቁ ጣሪያ ላይ ወደቀ ተባለ።

ሙሜ የአባ ዑመር ረዳት የነበረ ሰው ነው። እሳቸው ሲነዱ እሱ ከጭነቱ ላይ ተቀምጦ፣ ጎማ ሲፈነዳ ወርዶ፣ ዳገት ላይ ድንጋይ ይዞ ከኋላ ሮጦ፣ አንድ ላይ ያረጁ ሰዎች ናቸው። መንገዱን ሲተዉት እሱ ዋሂል ትንሽ ሱቅ ከፈተ። የሱቁን የሚያፈስ ቆርቆሮ ልጠግን ብሎ ወጥቶ ነው የወደቀው። እግሩ ተሰብሯል፤ ወጌሻ አስሮለታል፤ ሐኪም ቤት ሂድ ቢባል አሻፈረኝ ብሏል።

አባ ዑመር ይህን ሲሰሙ አልጋቸው ላይ ቀጥ ብለው ተቀመጡ።

«ነገ ጁምዓ ሰግደን እንሄዳለን» አሉኝ። «ጣሪያውን አንስተህ ነው የምትወስደኝ። ሙሜን ነፋስ ላብላው። አልጋ ላይ የዋለ ሰው ምን እንደሚያምረው እኔ ነኝ የማውቀው።»

በማግስቱ ጠዋት ጣሪያውን ላነሳ ገባሁ። የመጀመሪያውን መቀርቀሪያ ያዝኩና ገፋ አደረግሁት። «ቀጭ» አለና እጀታው እጄ ላይ ቀረ። የድሬ ፀሐይ ፕላስቲኩን ስትጋግረው ኖራ ብስኩት አድርጋዋለች። ልባም ሰው ቢሆን እዚህ ላይ ያቆማል። እኔ ግን የአንዱ መሰበር አጋጣሚ ይሁን ልማድ ላረጋግጥ ብዬ ሁለተኛውን ሞከርኩ። ልማድ ነው።

ክዳኑ አሁን በአንድ በኩል ተይዟል፣ በአንድ በኩል ተለቋል። አይነሳም፣ አይገጠምም። እንደ ተጣላ ባልና ሚስት አብሮ አለ፣ አብሮ የለም። ጁምዓ እስኪደርስ ገና ብዙ ሰዓት አለ ብዬ ስብርባሪውን በመሐረብ ቋጥሬ ወደ ታይዋን ገሰገስኩ።

ታይዋን ገበያ የሌለ ነገር የለም ይባላል። እውነት ነው፤ እኔ የምፈልገው ብቻ ነው የሌለው። የመጋረጃ ቀለበት የምገዛው ከሆዳን ነው። ሆዳን ከስልክ እስከ ጨርቅ የምትሸጥ፣ ስትስቅ ሱቋ የሚጠባት ሴት ናት። መሐረቤን ፈትቼ አሳየኋት።

«ይሄ የሻንጣ ነው» አለች።

«የጣሪያ ነው።»

«ወላል፣ ወንድሜ፣ ጣሪያ መቀርቀሪያ ምን ያደርግለታል? እናንተ ሰፈር ሌባ ከላይ ነው እንዴ የሚመጣው?»

የመኪና ጣሪያ መሆኑን፣ እንደሚነሳ፣ እንደሚገጠም አስረዳኋት። በጣም አዘነችልኝ። የሻንጣ መቀርቀሪያ አመጣች፤ አነሰ። የቁም ሳጥን አመጣች፤ አልያዘም። ቀጥላ የድስት እጀታ ስታወጣ እኔም አፍሬ እሷም ደከማት። በመጨረሻ ስብርባሪውን በስልኳ ፎቶ አነሳችና ጅቡቲ ላለው ወንድሟ ላከችው።

«ኢንሻላህ ይመጣል» አለችኝ።

ከሆዳን ጋር የቆየ ደንበኝነት ስላለን ኢንሻላዋን በዓይነት በዓይነቱ አውቀዋለሁ። «ሆዳን፣ ይሄ የትኛው ኢንሻላህ ነው?»

«የመኪና ዕቃ ኢንሻላህ ነው» አለች፤ «ረጅሙ።»

ከታይዋን ወደ ጋራዥ ሄድኩ። ኢንጂነር ሸምሱ ጋ። ኢንጂነር ያለው ማን እንደሆነ አይታወቅም፤ እኔ ራሱ ነው እላለሁ። ጥፋቴ የሄድኩበት ሰዓት ነው። የጁምዓ ዕለት ሸምሱ በጠዋቱ ነው ጫቱን የሚጀምረው፤ ስደርስ ምርቃናው ሰማይ ነክቷል። በምርቃና ላይ ያለ መካኒክ እምቢ አይልም፤ ችግሩም እሱ ነው። ሳጥኗ ውስጥ ገብቶ ሽቅብ አየ፣ ክዳኑን ዳበሰ፣ ዓይኑ እንባ አቀረረ።

«አቦ፣ ይሄ ጥበብ ነው!» አለ። «መቀርቀሪያ ትለኛለህ? እኔ በቁልፍ ተጭነህ የሚከፈት ነው የምሠራልህ። ትጫናለህ፣ ይነሳል። ትጫናለህ፣ ይወርዳል።»

«ሸምሱ፣ ከሰዓት በኋላ ዋሂል መሄድ አለብኝ።»

«ትሄዳለህ! እስቲ መጀመሪያ ነገሩን ላጥናው።»

ጥናቱ ደህና የነበሩትን መቀርቀሪያዎች በጠፍጣፋ መፍቻ መፈልቀቅ ነበር። አንዱ ተሰበረ። «አሁን ገባኝ» አለ። ሌላው ተሰበረ። «አሃ! አሁን ነው የገባኝ» አለ። እየገባው፣ እየገባው ሄዶ አንድም ደህና መቀርቀሪያ ሳይቀር ሙሉ በሙሉ ገባው። ከዚያ ምርቃናው ወረደበት መሰለኝ፣ ስብርባሪውን በእጁ መዳፍ ላይ አገላበጠው።

«አቦ፣ ዛሬ የሆነ ነገር ደብሮኛል» አለኝ በቀስታ።

በእውነት አሳዘነኝ። መኪናዬን ያፈረሰው እሱ፣ ያጽናናሁት እኔ። ኋላም ለማካካስ ይመስለኛል፣ ገመድ አመጣ። ገመዱን በጣሪያው ላይ አሳልፎ፣ በአንዱ መስኮት አስገብቶ፣ በሌላው አውጥቶ፣ እንደገና አዙሮ፣ ተረከዙን በሩ ላይ ተክሎ እየጎተተ አሰረው። ማሰሩን ይችልበታል፤ አባቱ የግመል ነጋዴ ነበሩ። ጣሪያው ቀጥ አለ። መረቅሁት። እጄን ወደ በሩ ስሰድ ነው ነገሩ የታየኝ።

«ሸምሱ፣ በሩስ? በሩንም አብረህ ነው እኮ ያሰርከው።»

«በሩን ምን ታደርገዋለህ?»

«ልገባበት!»

«መስኮት አለ አይደል?» አለኝ፣ በመገረም።

እኔ ቀጭን ሰው አይደለሁም። ከወገብ በላይ ገብቼ ከወገብ በታች ደጅ የቀረሁበት ጊዜ ነበር። የሸምሱ ጓደኞች በርጫቸውን ትተው መጥተው ከኋላ ገፉኝ። ሰው በገዛ መኪናው እንደ ፖስታ ይገባል ብዬ አስቤ አላውቅም።

ደቻቱ ድልድይ ላይ ስደርስ ነፋስ ከክዳኑ ሥር ገባ። ገመዱ ላላ፤ ክዳኑ እንደሚፈላ ድስት ክዳን ከፍ ዝቅ ማለት ጀመረ። ምን ልሁን? ግራ እጄን በመስኮት አውጥቼ ጣሪያውን ከላይ ተጫንኩት። ያኔ የድሬ ሰው ሁሉ እጁን አነሳልኝ። እጁን አውጥቶ የሚነዳ ሰው ሰላም እያለ ነው እንጂ ጣሪያ ይዞ ነው ብሎ ማን ያስባል? ከእግረኛ መንገድ «ሰላም! ሰላም!» ይሉኛል። አንዱ ባለ ባጃጅ ጎን ለጎኔ እየነዳ የቤተሰቤን ጤና ጠየቀኝ፤ እኔም የሱን ጠየቅሁት፤ ማን እንደሆነ እስካሁን አላውቅም። የትራፊክ ፖሊሱም ከድልድዩ ማዶ አየኝና በእጁ አቆመኝ።

«ወዓለይኩም ሰላም» አለኝ። «ሰላምታህ ደርሶኛል። አሁን ውረድ።»

«አልችልም፣ ጌታዬ።»

ፊቱ ተለወጠ። በሩን ሳበ፤ አይከፈትም። ዞሮ ሌላውን ሳበ። ገመዱን በዓይኑ ተከትሎ መኪናዋን ዞራት።

«ታስረህ ነው?»

«የታሰረው ጣሪያው ነው። እኔ ውስጡ ተገኝቼ ነው።»

ላለመሳቅ ጉሮሮውን ጠራረገ። «ስማ» አለኝ፤ «ይህን ጣሪያ ወይ ግጠመው፣ ወይ አውልቀው። ግማሽ ጣሪያ የሚባል ነገር የለም። ሁለተኛ እንዲህ ሆነህ እንዳላይህ!» አለና ለቀቀኝ። ስሄድ እጄን መልሼ አወጣሁ፤ እሱም ሳያስበው እጁን አነሳልኝ።

ቤት ስደርስ አባ ዑመር ነጭ ጀለቢያቸውን ለብሰው፣ ከዘራቸውን ይዘው ግቢ ውስጥ ይጠብቁኛል። በፊታቸው በመስኮት በአናቴ ወረድኩ። ትንሽ አዩኝ። ገመዱን አዩ።

«መኪና ብዬ ነው የላክሁት፣ የታሰረ በግ ይዞ መጣ» አሉ ለማንም ሳይሆን። ከዚያ ቀስ ብለው ገቡና ጀለቢያቸውን ሳያወልቁ አልጋቸው ላይ ተኙ፤ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው። ቢሰድቡኝ በወደድኩ። ዝምታቸው ነው ያንገበገበኝ።

ሰሚራ ሁለት እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ ሳጥኗን ስታይ ቆየችና «ለመሆኑ ጣሪያ የፈለገው ማን ነው?» አለችኝ።

«እንዴት?»

«አባዬ ጣሪያውን አንስተህ ውሰደኝ አይደል ያሉህ? መቀርቀሪያው ጠቅላላ ተሰብሯል። ታዲያ ገመዱን ቁረጠውና አውልቀዋ!»

እናንተ ይህን ገና ሸምሱ ጋ ሳለሁ አስባችሁታል፤ አውቃለሁ። «ይህ ሰው ምን ነካው?» እያላችሁ ነው እስካሁን ያነበባችሁት። እኔ ግን ሰው ነገር ሲሰበርበት የሚጠግነው እንጂ የሚጥለው አይመስለኝም።

«ቢዘንብስ?» አልኳት፣ ላለመሸነፍ ያህል። ወሩ ነሐሴ ነው።

«አባዬ ስኳር ናቸው እንዴ፣ የሚሟሙት?»

ገመዱን ቆርጬ ሁለቱን ክዳኖች ግድግዳ አስደግፌ አቆምኩና አባ ዑመርን ቀሰቀስኳቸው። አልተኙም ነበር። መስጊድ በር ላይ አቁመን ሰግደን ስንወጣ አንዲት ፍየል ጋቢናው ላይ ተመቻችታ፣ የሸምሱ ጓደኞች እኔን ሲገፉ ውስጥ የጣሉትን የጫት ገረባ ታኝካለች። ብጮህባት በዓይኗ ብቻ መለሰችልኝ። አባ ዑመር ከዘራቸውን ተደግፈው አዩዋትና «ተዋት፣ ይህቺ ከብዙ ረዳት ትሻላለች፤ ዝም ብላ ነው የተቀመጠችው» አሉ። ተናገሩ! ፍየሏን ልስማት ምንም አልቀረኝ።

ዋሂል ስንደርስ ግን ሳቁ ሁሉ ጠፋ።

ሙሜ ከሱቁ ጎን፣ ዳሱ ሥር፣ አልጋ ላይ ተኝቷል። እግሩ ከጭኑ እስከ ተረከዙ በእንጨት ተጠፍሮ፣ አጥር የሚታጠርበት ግንድ መስሏል። የጣቶቹ ቀለም አላማረኝም። ባለቤቱ አዴ ሀሊማ በሹክሹክታ ሌሊቱን ሙሉ ሲንቀጠቀጥ እንዳደረ ነገረችን። ጎረቤቶች የጭነት መኪና ለምነው አምጥተውለት ነበር። እምቢ አለ።

«ዕድሜዬን ሙሉ ዕቃ ስጭን የኖርኩ ሰው ነኝ» አለ ሙሜ፣ እኔን እያየ፣ ከንፈሩ ደርቆ። «ዕቃ ሆኜ አልጫንም። ሞት ከመጣም እዚሁ ሱቁ አጠገብ ይምጣ፤ ስኳር ይገዛል።»

አባ ዑመር አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጡ።

«ከቆርቆሮ ላይ ወደቅህ አሉኝ» አሉት። «ያን ሁሉ ዘመን ከጭነት ላይ ሳትወድቅ ኖረህ።»

«ያኔ አንተ ነበርክ የምትነዳው» አለ ሙሜ። «ቤት ግን ሾፌር የለውም።»

ሳቁ። ሁለቱም የሳል ያህል ነው የሳቁት። አባ ዑመር ቀስ ብለው የጓደኛቸውን ጣቶች ነኩ። ቀዝቃዛ ነበሩ መሰለኝ፤ እጃቸውን አላነሱም። ከዚያ ሰምቼው በማላውቀው ድምፅ፣ የጭነት መኪና ሞተር ላይ የሚጮህ ሰው ድምፅ፦

«ሙሜ፣ ተነስ! ጉዞ ነው። ጋቢና ነው የምትቀመጠው።»

ሙሜ ዓይኑን ገለጠ። «ጋቢና? አንተ መቼ ጋቢና አስገብተኸኝ ታውቃለህ? ሁልጊዜ ‹ላይ ውጣ› ነው።»

«ዛሬ አስገባሃለሁ።»

ሙሜ አንገቱን አቅንቶ ሳጥኗን አየ። አዴ ሀሊማ በነጠላዋ ጫፍ አፏን ይዛለች። «ጋቢና ከሆነ» አለ በመጨረሻ፤ «ጋቢና ከሆነማ እንሂድ።»

መሄዱስ በምን ይሁን? በሳጥኗ በር የተጠፈረ እግር አይገባም። በእግሩ ሞከርን፣ እንጨቱ ተደነቀረ። በጭንቅላቱ ሞከርን፣ እግሩ ደጅ ቀረ። ሙሜ ጥርሱን ነክሶ ያልበዋል። የመንደሩ ሰው ተሰብስቦ አንዱ በኦሮሞኛ፣ አንዱ በሶማሊኛ፣ አንዱ በአማርኛ ያዛል፤ ሁሉም የሚለው «ቀስ!» ነው። እኔ እንደ ልማዴ መቀመጫውን እንንቀለው ብዬ መፍቻ መፈለግ ጀመርኩ። አባ ዑመር በከዘራቸው ጫፍ ትከሻዬን መቱኝ፤ ከዘራውን ወደ ሰማይ ቀሰሩት።

«ከላይ!» አሉ።

ሁላችንም ቀና አልን። ጣሪያ የለም።

ከዚያ በኋላ ማን ምን እንደሠራ ለመናገር ይቸግረኛል። ወንበሩን ወደ ኋላ አጋደምነው። ጎረምሶች ኮፈኑ ላይ፣ ጎማው ላይ፣ የኋላው ጣሪያ ላይ ወጡ። ሙሜን በወፍራም ብርድ ልብስ አንጠልጥለው፣ ቢስሚላህ እየተባለ፣ ከሰማይ እንደሚወርድ እንግዳ ቀስ ብለው ጋቢና አወረዱት። የታሰረ እግሩን አዴ ሀሊማ ዳሽቦርዱ ላይ ትራስ አድርጋ አሳረፈችለት፤ እሷ ስንቅ ቋጥራ በሚቀጥለው መኪና ልትከተለን ቀረች። ሙሜ ሽቅብ ሰማዩን እያየ ትንሽ አረፈና «ዑመር» አለ፣ «ጣሪያህን ሰረቁህ እንዴ?»

«አማቼ ነው ያፈረሰው» አሉ አባ ዑመር ከኋላ ወንበር። በድምፃቸው ውስጥ ኩራት የሚመስል ነገር ሰማሁ፤ ተሳስቼ ይሆናል።

መንገድ ላይ ዘነበ። የነሐሴ ዝናብ ቀጠሮ አይሰጥም፤ ነጠብ ነጠብ ሳይል ገንዳውን ገለበጠብን። ዋሂሎች የሰጡንን ላስቲክ አባ ዑመር ከኋላ ሆነው በሙሜ ላይ ዘረጉት፤ መካከሉን በከዘራቸው ደግፈው ድንኳን አበጁለት። እሳቸው ደጅ ናቸው። ጀለቢያቸው ተጣብቆባቸው፣ ዝናቡ ከጺማቸው እየወረደ፣ ክንዳቸው እየተንቀጠቀጠ ከዘራውን አልለቀቁም። እኔ ውሃው በአንገቴ ገብቶ በጫማዬ ይወጣል። መስተዋቱ ከውስጥም ከውጭም ያው ነው፤ መንገዱ አይታየኝም። ጎማው አንድ ጊዜ ሲያንሸራትት ሙሜ ከላስቲኩ ሥር «አላህ!» አለ።

«ስፋ!» ብለው ጮኹ አባ ዑመር ከኋላዬ። «ልክ እንደ ሱቅህ! ቀስ ብለህ፣ ቀጥ ብለህ፣ ዳር ዳሩን! ስፋ ልጄ!»

ሰፋሁ። ዳር ዳሩን ይዤ፣ ቀስ ብዬ፣ ቀጥ ብዬ፣ ያን መንገድ ከዋሂል እስከ ድሬ እንደ መጋረጃ ጠርዝ ሰፋሁት።

ደቻቱ ሞልቶ ነበር። ጠዋት አሸዋ የነበረው ወንዝ ቡናማ ሆኖ፣ ዛፍና ጎማ ተሸክሞ ያገሳል። ሰው ሁሉ ሊያየው ወጥቶ ድልድዩ በመኪናና በጃንጥላ ተዘግቷል። መካከል ላይ የጠዋቱ ትራፊክ ፖሊስ ከራስ ጠጉሩ እስከ እግር ጥፍሩ ርሶ ፊሽካውን ይነፋል። አየኝ። ወደ እኔ መጣ፤ ቁጣው ከሩቅ ይታያል።

«ጭራሽ አወለቅኸው?» ብሎ ሲጀምር ከመስተዋቱ በስተጀርባ ሽቅብ የቆመውን እግር አየ። ጎንበስ ብሎ ከላስቲኩ ሥር ተመለከተ። ሙሜ «ሰላም ነው?» አለው። ፖሊሱ ዞረና ፊሽካውን እስኪሰነጠቅ ነፋ። ሰዉን በእጁ፣ መኪናውን በትከሻው እየገፋ፣ ከፊታችን እየሮጠ ድልድዩን አሻገረን።

ሐኪም ቤት ስንደርስ ቃሬዛ ይዘው መጡ። ወጣት ዶክተር ናት የተቀበለችን። በሩን ትታ ሰዎች ኮፈኑ ላይ ሲወጡ ስታይ «ምነው፣ በሩ አይከፈትም?» አለች።

«በሩ ይከፈታል» አልኳት፤ «እሱ ነው የማይታጠፈው።»

እንደገባ ከላይ ወጣ። እግሩ ሲታሰር በጣም ጠብቆ ኖሮ ደሙ አልዞር ብሎታል። ማሰሪያውን ፈታችና ትንሽ ቢቆይ እግሩን ማዳን አይቻልም ነበር አለችን። ከዚያ በሩ ተዘጋብን። እኔና አባ ዑመር ኮሪደሩ ላይ፣ ከሥራችን ኩሬ እየሠራን ተቀመጥን። ሰሚራ ደረቅ ልብስ ይዛ እስክትመጣ ብዙ ቆየን። እሳቸው በሩን እያዩ፣ እኔ እሳቸውን እያየሁ።

«ሱቅህ ዛሬ ተዘግቶ ዋለ» አሉኝ ድንገት።

«ምንም አይደል፣ አባ።»

«የሰው መጋረጃ ቀጥረህ አልነበረም?»

«ቀጥሬ ነበር።»

ራሳቸውን ነቀነቁ። ስለ ሥራዬ አንድ ነገር ሲጠይቁኝ የመጀመሪያቸው ነው። «ጥሩ አድርገህ ስፋላቸው» አሉኝ። «ሰው ሥራው ሲቆይበት ይከፋዋል።»

የሙሜ እግር ዳነ። በየጊዜው ሐኪም ማየት ስላለበት ግን ዋሂል ከመመለሱ በፊት እኛ ዘንድ እንዲቆይ ተባለ፤ አዴ ሀሊማም ሱቁን ለወንድሟ ትታ እየተመላለሰች ታየዋለች። አልጋው አባ ዑመር ክፍል ገባ። አሁን ፊቱን ወደ ግድግዳ የሚያዞር የለም፤ በየትኛው ዓመት የትኛው ዳገት ላይ ጎማው እንደፈነዳ ሲከራከሩ እኔና ሰሚራ ነን ግድግዳው ማዶ እንቅልፍ ያጣነው።

አንድ ጠዋት የሆዳን ረጅሙ ኢንሻላህ ደረሰ። ከጅቡቲ፣ በካርቶን፣ ትክክለኛው መቀርቀሪያ፣ ከነብሎኑ። ይህን ለሸምሱ አልሰጥም ብዬ ራሴ ግቢ ውስጥ ያዝኩት። ሁለቱ ሽማግሌዎች ወንበር አስወጥተው ፊት ለፊቴ ተቀመጡ። አንዱ «አጥብቀው» ሲል አንዱ «አትሰንጥቀው» ይላል። የግራውን በቀኝ ገጠምኩ፤ ፈታሁ። የቀኙን ወደ ኋላ አዙሬ ገጠምኩ፤ ፈታሁ። አንድ ብሎን ወድቆ ዶሮዋ ቀድማ አገኘችው፤ ሰሚራ ከአፏ አስጣለቻት። ፀሐይ አናት ላይ ስትደርስ የመጨረሻውን ገፋሁት።

«ጠቅ።»

ክዳኑን በቡጢ መታሁት፤ አልተነቃነቀም። በሁለት እጄ ይዤ ተንጠለጠልኩበት፤ አልተነቃነቀም። ሰሚራ በባልዲ ውሃ ደፋችበት፤ አንድ ጠብታ አልገባም። እልል አለች። ጎረቤት በአጥር ላይ ብቅ ብቅ ብሎ «እንኳን ደስ አላችሁ» አለ፣ ምን እንደሆነ ሳይጠይቅ። እኔም ላቤን እየጠረግሁ ከሠርጌ ዕለት ወዲህ እንዲያ ደረቴን ነፍቼ ቆሜ አላውቅም።

አባ ዑመር ከዘራቸውን ይዘው ተነሱ። ጋቢናውን ለሙሜ ትተው እንደ ምንም ከኋላ ገቡ፤ ሙሜም እግሩን እያነከሰ ገብቶ ተቀመጠ። ሁለቱም ቀና ብለው ጣሪያውን አዩት። አባ ዑመር በከዘራቸው ጫፍ ነካ ነካ አደረጉት።

«ማሻአላህ» አሉ። «እጅህ ይባረክ። ይህ አይነቃነቅም።»

«አልሐምዱሊላህ፣ አባ።»

«በል አሁን አንሳውና እንሂድ።»